ማኅተሙ ከማዕድ ቤት ነው፦ የበዓል ካርድ በገዛ እጃችን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ለልጆች ነው፤ ነገር ግን ልጆች ብቻቸውን ባያዳምጡት እንመርጣለን። ቢላዋ የሚያዝበት ቦታ ስላለ እናት ወይም አባት፣ ታላቅ እህት ወይም አስተማሪ አጠገባቸው ይቀመጥ። ጉዳያችን የበዓል ካርድ ነው። ከሱቅ የሚገዛውን ማለታችን አይደለም። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቆርኪ፣ የለስላሳ ላስቲክ፣ የእንሰት ቅጠል ዘንግ፣ ሐዋሳ ላላችሁት ደግሞ የዓሣ ጭራ ሳይቀር ማኅተም አድርገን በገዛ እጃችን የምናትመውን ነው።

ዝግጅቱን ያሰናዳነው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን አሞራ ገደልን እያሰብን ነው። ቦታውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ዓሣው ከመረቡ እየተለቀቀ ይወርዳል፤ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ቆዳው ይገፈፋል። ጥሬውን በሚጥሚጣና በአዋዜ የሚበላ አለ፣ ሾርባውን የሚጠጣ አለ፣ ጥብሱን የሚጠብቅ አለ። አባ ኮዳዎቹ ረጅም እግራቸውን ተክለው የሚጣልላቸውን ይጠባበቃሉ፤ ዛፎቹ ላይ ጦጣና ጉሬዛ ይዘላል። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲነሳ መሬቱ ላይ የሚቀረውን ግን ልብ ብለን አናየውም። የለስላሳ ቆርኪ፣ ባዶ ላስቲክ፣ የተበጠሰ መረብ፣ የተጨመቀ ሎሚ፣ የዓሣ ጭራ ነው የሚቀረው። ዛሬ ከምንሠራባቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

በአገራችን ልጅ በእጁ የሠራውን ካርድ ይዞ የጎረቤት ደጅ ማንኳኳቱ አዲስ ነገር አይደለም። መስከረም 1 ቀን ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ሲጫወቱ፣ ወንዶቹ የሣሉትን ሥዕል ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ አበባ፣ ፀሐይ፣ በፈረሱ ላይ የተቀመጠ ቅዱስ ጊዮርጊስ በየወረቀቱ ላይ ይታያል። ልጁ ሥዕሉን ለቤቱ ባለቤት ያበረክታል፤ ባለቤቱም መርቆ ብር ወይም ዳቦ ይሰጠዋል። ክረምቱን ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ፣ ነሐሴ ለብዙ ልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕል መሣያ ወር ነበር። ካርድ ብለን አልጠራነውም እንጂ ካርድ ነው፤ ያውም ሰጪው ራሱ የደከመበት ካርድ።

በገበያ የሚሸጠው ካርድ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1843 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሄንሪ ኮል የሚባል እንግሊዛዊ ገና ሲደርስ ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ አጠረው። ስለዚህ ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሣለና ለንደን ውስጥ አሳትሞ አባዛው። ያንኑ ካርድ ለሌሎችም ሸጠ። የገበያው ካርድ የጊዜ እጥረት የወለደው ነው፤ የእኛ ልጆች ሥዕል ግን ጊዜ የተሰጠው ነገር ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው ብዬ አላምንም።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሌላ አዲስ ዓመት አለ። የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጫምባላላን የሚያከብርበት ቀን የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች ኮከብ ቆጥረው ሲያበስሩ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በጫምባላላ ዕለት ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ። በየቤቱም ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሰናዳ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። በአንድ ከተማ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ልጅ ደጅ ያንኳኳል፣ በዓል ያበስራል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ያለው የሐዋሳ ልጅ በእጁ የሚይዘው ነገር ራሱ የሠራው ቢሆን ምንኛ ያምርበታል።

አሁን አሁን ግን በፎቶ ኮፒ የተባዛ ሥዕል ገዝቶ የሚያድል ልጅ በዝቷል። ልጁን አልወቅስም። አንድ ጊዜ የሣለው መልአክ ተስቆበት ይሆናል፤ ወይም የጓደኛው ፈረስ ከእሱ ፈረስ በልጦበት «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ እርሳሱን አስቀምጦ ይሆናል። ማተም የሚጠቅመው ለዚህ ልጅ ነው። አበባ መሣል የማይችል ልጅ ግማሽ ሽንኩርት ቀለም ላይ ተጭኖ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ግን አያቅተውም። ያንኑ 5 ጊዜ፣ 10 ጊዜ በመስመር ቢደጋግመው፣ በእናቱ ቀሚስ ጠርዝ ላይ እንደሚያየው ጥለት የራሱን ጥለት አወጣ ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ማኅተም ጥቂት እናንሳ። ቅርጽን አንድ ጊዜ ቀርጾ ደጋግሞ ማሳረፍ በምድራችን የቆየ ጥበብ ነው። ትግራይ ውስጥ በየሃ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረው ዘመን የተሠሩ የነሐስ ማኅተሞች ተገኝተዋል፤ የእንስሳ ቅርጽ ያላቸውም አሉባቸው። ምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ጋና ውስጥ ንቶንሶ በምትባለው ከተማ አዲንክራ የሚባለውን ጨርቅ የሚያትሙት ከቅል ስባሪ በተቀረጸ ማኅተም ነው። ቀለሙንም የሚያገኙት የዛፍ ልጣጭ ቀቅለው ነው። ቅል እኛም ቤት አለ። የተሰበረ ቅል ካላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ይህን አስቡ።

እንግዲህ ቀለሙን እናዘጋጅ። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛ የውሃ ቀለም ካለ ጥሩ ነው። ችግሩ ቀጭን መሆኑ ነው፤ ማኅተሙ ላይ አይቆምም፣ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ይፈስሳል። ስለዚህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እሳት ላይ እያማሰላችሁ ቀጠን ያለ አጥሚት እስኪመስል አብስሉት። ከበረደ በኋላ ቀለሙን እዚያ ውስጥ ጨምሩ። ቀለም መግዣ ለሌለውም መላ አለ። እርድ ቢጫ ይሰጣል፤ ለአደይ አበባ የሚሆነው እሱ ነው። የቡና አተላ ደጋግሞ ተፈልቶ ሲወፍር ቡናማ ይወጣዋል፤ ቀይ ሥር ደግሞ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ከድስት ሥር የተፋቀ ጥላሸት ጥቁር ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱን እወቁ። እርድና ቀይ ሥር ፀሐይ ላይ ሲቆዩ ይደበዝዛሉ። ጥላሸት ግን አይለቅም። የብራና ጸሐፍቶቻችን ጥቁሩን ቀለማቸውን ከጥላሸትና ካረረ እህል ሲያዘጋጁ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መቶ ዓመታት ያለፉት ብራና ላይ ዛሬም ጽሑፉ ይነበባል። ስለዚህ ስሙንና ዋናውን ቅርጽ በጥላሸት፣ ማድመቂያውን በእርድ ማድረግ ብልህነት ነው።

ቀለሙን በሰሃን ላይ ዝም ብላችሁ አታፍስሱት። አሮጌ ስፖንጅ ወይም አራት አምስት ጊዜ የታጠፈ ጨርቅ ሰሃኑ ላይ አንጥፉና ቀለሙን እሱ ይጠጣው። ማኅተሙን የምትጫኑት ጨርቁ ላይ ነው። ቀለም ውስጥ የተነከረ ማኅተም ወረቀቱን ያጨማልቃል። የመጀመሪያውን ሁልጊዜ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው አሻራ ጠርቶ ይወጣል።

ድንችን እንያዝ። ድንቹን መሃል ለመሃል ስትቆርጡ እያመላለሳችሁ እንደ መጋዝ አትግዘግዙት። በትልቅ ቢላዋ በአንድ ጊዜ ይቆረጥ፤ ፊቱ ወጣ ገባ ካለ አሻራው መሃሉ ነጭ ይሆናል። ይህን የሚቆርጠው ትልቅ ሰው ነው። የተቆረጠውን ፊት ደረቅ ጨርቅ ላይ ደፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተዉት፤ ውሃውን ካልጠጣለት ቀለሙን ያቀጥነዋል። ከዚያ የምትፈልጉትን ቅርጽ በእርሳስ ሥላችሁ፣ ዙሪያውን የጣት ጥፍር ያህል ወደ ውስጥ ቀርፋችሁ አውጡት። ጀማሪ ልጅ በኮከብ አይጀምር፤ ጫፎቹ ይሰበሩበታል። ቅጠል፣ ጨረቃ፣ መስቀል፣ ዓሣ ይቀላሉ። ድንቹ በማግሥቱ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ የተቀረጸበት ቀን ይታተምበት።

ፊደል መቅረጽ የምትፈልጉ ደግሞ ድንቹን ተዉትና ላጲስ ያዙ። ማኅተም ሁሉንም ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳርፈው። የእኛ ፊደል ግን ለዚህ ሥራ ደግ ነው፤ ግራና ቀኛቸው አንድ የሆኑ ፊደላት አሉን። መ፣ ሠ፣ ጠ እና ዐ ቢገለበጡም ያው ናቸው። ልጃችሁ መስፍን ወይም መሠረት ከሆነ የስሙ መጀመሪያ አያስቸግርም። እ እና ን ግን ይገለበጣሉ። መላው እንዲህ ነው፦ ፊደሉን ስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ አድምቃችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱን ጽሑፉ ወደ ታች ሆኖ ላጲሱ ላይ ድፉት፤ ከጀርባው በማንኪያ እሹት። ስታነሱት ፊደሉ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። በዚያው መስመር ከቀረጻችሁት ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይስተካከላል።

መቅረጽ የማያስፈልጋቸው ዕቃዎች ደግሞ ለትንንሾቹ ይሁኑ። ሽንኩርት ለሁለት ተቆርጦ በክብ ውስጥ ክብ ይሰጣል። ሰላጣ ስትገዙ ሥሩ አካባቢ ሦስት ጣት ያህል ትታችሁ ቁረጡት፤ ያ ጉርዱ ሲታተም ጽጌረዳ ነው። የሚጣለው ክፍል መሆኑ ደግሞ ደስ ያሰኛል። ሎሚና ብርቱካን ይሠራሉ፤ ግን ቀድመው መድረቅ አለባቸው። ቃሪያን ለትንንሽ ልጅ አትስጡ፤ እጁ ዓይኑ ላይ ይሄዳል። የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረው ካርቶን በሁለት ጣት ተጨምቆ ቅጠል፣ አንዱ ጎኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ልብ ይሆናል። ቆርኪ ጥርሱ ወደ ታች ሆኖ ሲታተም ፀሐይ ያወጣል። የተለመደው ቆርኪ 21 ጥርስ አለው፤ ልጃችሁ ወረቀቱ ላይ ቆጥሮ ያረጋግጥ።

የለስላሳ ላስቲክ ጠርሙስ ሥሩን ገልብጣችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ 5 እግር አለው። ለስላሳ መጠጥ ጋዝ ስላለበት ውስጡን ይገፋል፤ ጠፍጣፋ ሥር ቢኖረው ወደ ውጭ ይነፋና ጠርሙሱ አይቆምም ነበር። ጋዝ የሌለበት የውሃ ሃይላንድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ እግር የለውም፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ የምትመርጡት የለስላሳውን ነው። እነዚያ አምስት እግሮች እርድ ቢጫ የጠጣው ጨርቅ ላይ ተጭነው ወረቀቱ ላይ ሲያርፉ አምስት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል። መሃሉን በትንሽ ጣታችሁ በቡና ቀለም ንኩት። አደይ አበባ ከዚህ በላይ ቅጠል አላት፤ ጠርሙሱን ጥቂት አዙራችሁ በዚያው ላይ ብትደግሙት እሷን ይበልጥ ትመስላለች። ይህን ጠርሙስ ከሐይቁ ዳር የምታነሱት ከሆነ ደግሞ ለሐይቁም ውለታ ዋላችሁ።

የሲዳማና የደቡብ አድማጮቻችን ዘንድ ያለው ግን ከሁሉም ይበልጣል። እንሰት! የእንሰቱን ቅጠል የተሸከመውን ወፍራም ዘንግ በአግድም ቁረጡትና የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ። ጨረቃ የሚመስል ቅርጽ ነው፤ ውስጡ በቀጫጭን ግድግዳ የተከፋፈለ፣ አየር የሞላበት ተራ በተራ የተደረደረ ክፍል አለው። እግዜር ራሱ የቀረጸው ማኅተም ነው፣ ቢላዋ ከመቁረጥ ያለፈ ሥራ የለበትም። ሙዝ የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ የሙዝ ቅጠል ዘንግም እንዲሁ ያደርጋል። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ልብስ ላይ ከነካ ነጥብ ይተዋልና አሮጌ ልብስ ይለበስ። ውሃው በጨርቅ ይጠረግ፤ ቀለሙ ስስ ይሁን፤ ወፍራም ቀለም ክፍሎቹን ይደፍናቸዋል። ለጫምባላላ ካርድ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ቡርሳሜውም ከእንሰት፣ ካርዱም ከእንሰት። ካርዱን ማሠሪያ ክር ካስፈለገ ቃጫው አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ጃፓን ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓሣ አጥማጆች የያዙትን ዓሣ ልክ ለማስቀረት ዓሣውን ራሱን ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያሳርፉ ነበር፤ ጥበቡን ጊዮታኩ ይሉታል። ካሜራ በእጃቸው ባልነበረበት ዘመን ዓሣው ይህን ያህል ነበር ብሎ ማሳያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ራሱን የቻለ ሥነ ጥበብ ሆኗል። አሞራ ገደል ላይ ለዚህ የሚሆነው ቆሮሶ ነው፤ ቅርፊቱ ጎላ ጎላ ያለ፣ የጀርባ ክንፉ እሾሃማ ስለሆነ አሻራው ይነበባል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ለስላሳ ነውና ጢሙና ጭራው ካልሆነ በቀር ብዙ አይሰጥም።

ሙሉ ዓሣ ለካርድ ትልቅ ነው፣ ለማበላሸትም ያሳዝናል። ከተበለተ በኋላ የሚጣለውን ጭራ ወይም ቅርፊቱ ያልተፋቀ የቆዳ ቁራጭ ለምኑ። ዓሣ አራጁን «ጋሼ፣ ይህቺን ጭራ ለትምህርት እንፈልጋት ነበር» ያለ ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም። የዓሣ ቆዳ ልጋግ አለው፤ ልጋጉ ካልለቀቀ ቀለሙ አይይዝም። በጨው አሽታችሁ እጠቡት፣ በጨርቅ አድርቁት። ጭራውን ጠረጴዛ ላይ እንደ ማራገቢያ ዘርጉትና ቀለሙን ስስ አድርጋችሁ በጣት ወይም በጥጥ ቀቡት። እዚህ ላይ ማኅተሙን ወረቀት ላይ አንጫንም፤ ወረቀቱን ነው ማኅተሙ ላይ የምናለብሰው። ስስና ለስላሳ ወረቀት ይሁን። ከመሃል ወደ ዳር በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ እሹት፤ ወረቀቱን ግን አታንሸራቱት። በአንድ ጫፍ ይዛችሁ ስታነሱት እያንዳንዱ የጭራው ጨረር፣ እያንዳንዱ ቅርፊት ለብቻው ተቆጥሮ ይታያል። ሲደርቅ በዱቄት ሙጫ ካርዱ ላይ ለጥፉት። የዓሣውን ዓይን ማስገባት የሚፈልግ በብሩሽ ይጨምረው፤ ጃፓኖቹም ዓይኑን በእጅ ነው የሚሥሉት።

አንድ ነገር አደራ። ቀለም የነካውን ጭራ ለአባ ኮዳዎቹ አትወርውሩ፣ ሐይቁም ውስጥ አትጣሉ። አፈር ቆፍራችሁ ቅበሩት። ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

የመረቡንስ ነገር? የተበጠሰ የመረብ ቁራጭ በሙጫ ካርቶን ላይ ለጥፉና ሰማያዊ ቀለም ቀብታችሁ አትሙት፤ የካርዱ ዳራ ይሆናል። ክር በእንጨት ላይ እየጠመጠማችሁ ብታትሙ ደግሞ የሐይቁን ሞገድ ትሠራላችሁ። ከዚያ ላይ አንድ ዓሣ ከድንች ተቀርጾ ቢያርፍ፣ ሐዋሳን አይቶ ለማያውቅ አጎት ወይም አክስት የሚላክ ካርድ ተዘጋጀ።

ወረቀቱ ወፈር ያለ ይሁን። አንድ ኤ ፎር መሃል ለመሃል ተቆርጦ ሁለቱም ቢታጠፉ ሁለት ካርድ ይወጣዋል። አትሙ ተብላችሁ ወረቀቱን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። ልጆች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቅርጽ ምረጡ፤ ዳር ዳሩን ጥለት አድርጉት፤ መሃሉን ባዶ ተዉት፤ ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል። ውስጡ የሚጻፈው ቃል በልጁ እጅ ጽሑፍ ይሁን፤ ፊደሉ ቢንጋደድም አትጻፉለት። ለአያት «እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ»፣ ለጓደኛ «እንኳን አደረሰህ» ወይም «አደረሰሽ»፣ ለጫምባላላ ጎረቤት «አይዴ ጫምባላላ» በቂ ነው። የጫምባላላን ካርድ አስቀድማችሁ ከሠራችሁ ቀኑን ባዶ ተዉት፤ አያንቶዎቹ ሲያበስሩ ይጻፋል።

አስተማሪዎች፣ ይህ ለሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ይሆናችኋል። አምሳ ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ብሩሽ አይዳረስም፤ ድንች ግን ተቆራርጦ ይዳረሳል። ቡድን ቡድን አድርጓቸው፣ አንዱ ቡድን ቆርኪ፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ክር ይያዝ፤ ማኅተሞቻቸውን እየተዋዋሱ ይሥሩ።

ወላጆች፣ የጎረቤት ልጅ በዚህ መልክ የሠራውን ካርድ ሲያመጣላችሁ ብሩን ሰጥታችሁ ካርዱን ጥግ አትጣሉት፤ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። በማግሥቱ ሲመጣ ይፈልገዋል።

ልጆች፣ ከካርዱ ጀርባ ስማችሁን፣ ዕድሜያችሁንና ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ አትርሱ። ሥራውንም ከጳጉሜን በፊት ጀምሩት፤ በዱቄት የተሠራ ቀለም በክረምት ለመድረቅ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)